ጎረቤት ማየት ይችላል ወይ

ሰመረት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ዓይናለም ገፋ አደረገችው።

«እትዬ፣ ይቺን ነገር ይዩልኝ። እህቴ ናት ከአሜሪካ የላከችልኝ።»

የአንድ ሰፈር ካርታ ነው። ላዩ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉበት። ሰመረት አንዱን ስትነካው የአንድ ጎልማሳ ፎቶ ብቅ አለ፤ ከሥሩ ስሙ፣ ቁመቱ፣ የቤቱ ቁጥር፣ በሕፃን ልጅ ላይ የፈጸመው በደል ሁሉ ተጽፏል። እዚያ አገር ማንም ሰው የሰፈሩን ስም ጽፎ፣ በዚህ ወንጀል የተፈረደበት ጎረቤት እንዳለውና እንደሌለው ማየት ይችላል።

«ማንም?» አለች ዓይናለም።

«ማንም። ፓስዎርድ እንኳ አይጠይቅም።»

ዓይናለም እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን እስከዛሬ አልሰማችም ነበር። እዚህ ጣሊያን አገር፣ ጠዋት ጠዋት ቲቡርቲና የሚባለው ሰፈር አጠገብ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ትጦራለች። ከሰዓት ደግሞ ሰመረት ከሥራ እስክትመለስ ድረስ ልጇን ኤፊን ትይዝላታለች። ኤፊ «ኖና» ነው የምትላት፣ አያቴ ማለቷ ነው።

ሰመረትን ያስጨነቃት የሦስተኛው ፎቅ ተከራይ ተስፎም ነው። ከገባ ወር አልሞላውም። ብቻውን ይኖራል፤ ቀኑን ሙሉ መስኮቱን አይከፍትም፤ ባለፈው ደግሞ ደረጃው ላይ ለኤፊ ካራሜላ ሰጥቷታል።

«ወንድሙ ዲያቆን ነው ይላሉ» አለች ሰመረት። «ግን የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ልጅዎ ዮሲ ጀርመን ባይሄድብን ኖሮ እንኳ አንድ ወንድ ነበረን። ቅዳሜ የኤፊ ልደት ነው፤ የሕንፃው ልጆች ሁሉ ግቢ ውስጥ ሊጫወቱ ነው። እዚህ አገርስ እንዲህ ዓይነት ዝርዝር የለም?»

«እኔ አጣራለሁ» አለች ዓይናለም። «ከቅዳሜ በፊት አጣራለሁ። አንቺ ብቻ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ሰመረት ግን ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። በማግስቱ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም።

ዓይናለም እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረ። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ካራቢኒየሪዎቹ፣ ወደ ፖሊሶቹ ጣቢያ ሄደች። ወጣቱ ፖሊስ በትሕትና አስቀመጣትና «የሰውየው ስም ማን ነው?» አላት።

«አሎራ… እንግዲህ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ስሙን መጥራት ፈራች።

ቤቷ ገብታ ስሙን ስልኳ ላይ ጻፈች። የአባቱን ስም አስቀድማ ጻፈች፤ ከሰፈሩ ስም ጋርም ጻፈች። ምንም አልወጣም። ይህም አላረጋጋትም። እሷ አልሆነላትም ማለት፣ መፈለግ የሚያውቅበት ሰው አያገኘውም ማለት አይደለም።

በዚህ መሐል ሴቶቹ ተስፎም ሲያልፍ ልጆቻቸውን ወደ ቤት መጎተት ጀመሩ። አንዱ በሩ ላይ ቆሻሻ ደፋበት። ሌላዋ ለቤቱ ባለቤት ደወለች። በእኛ ሰው ዘንድ ሦስት ሴቶች ከተስማሙ ፍርዱ አልቋል፤ ይግባኝ የለውም። ዓይናለምን ሲጠይቋት ዝም አለች፤ ዝምታዋን ሁሉም እንደ ማስረጃ ቆጠረው።

ሐሙስ ዕለት ፈቃድ ጠይቃ ካዜላሪዮ ሄደች፤ ሰዎች የተፈረደባቸው ወንጀል ሁሉ ተመዝግቦ የሚቀመጥበት ቢሮ ነው። መስኮቱ ላይ አንዲት ሽበታም ሴት ተቀምጣለች።

«በልጆች ላይ ወንጀል ሠርቶ የተፈረደበት ሰው» አለች ዓይናለም። «መዝገቡን ለማየት ምን ያስፈልጋል?»

«ለሰውየው ምኑ ነዎት?»

«ጎረቤት ማየት ይችላል ወይ? እሱን ነው የምጠይቅዎት።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ይህን ጭንቀት ከዚህ በፊትም ሳታይ አልቀረችም። «ሲኞራ፣ እዚህ አገር ለሕዝብ ክፍት የሆነ ዝርዝር የለም። ሰው የራሱን ቼርቲፊካቶ፣ የራሱን የመዝገብ ማስረጃ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሠራተኛውን ከልጆች ጋር የሚያሠራ ቀጣሪም መጠየቅ ይችላል። ጎረቤት ግን አይችልም።»

«የሕንፃው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢመጣስ?»

«ቢመጣም አይችልም።»

«በኢንተርኔትስ?»

«የለም። አዝናለሁ።»

ዓይናለም ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና በሻርፗ አፏን ይዛ ተንሰቀሰቀች። ጥበቃው ውሃ አመጣላት። ሕጉ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል ብሎ አጽናናት።

ማታ ሰመረት ልጇን ልትወስድ መጣች። ኤፊ ትንሿ ክፍል ውስጥ፣ አዲስ የተነጠፈው አልጋ ላይ ትዘላለች።

«ምንም ማወቅ አይቻልም» አለቻት ዓይናለም። «ሕጉ ለማንም አያሳይም።»

ሰመረት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ታዲያ ምን ይሻለናል እትዬ? ነገ አንድ ነገር ቢደርስባትስ?»

«እኔ እያለሁ ምንም አትሆንም። ከዓይኔ አትጠፋም።»

ዓርብ ተስፎም ፍራሹን መኪና ላይ ጫነ። የቤቱ ባለቤት ልቀቅ ብሎት ነው። ማንንም አልተሰናበተም፤ ማንም ደህና ሁን አላለውም። ሴቶቹ በመስኮት እያዩ እፎይ አሉ። ሰመረት ዓይናለምን አቅፋ ሳመቻት።

«እርስዎ ባይሮጡልን ኖሮ ምን እንሆን ነበር?»

ዓይናለም ሰውየው አንጀቷን በላው፤ ሆኖም ሰመረትን መልሳ አቀፈቻት።

ቅዳሜ ማለዳ «ለልደቱ እደርሳለሁ» ብላ ወጣች። ሜትሮ ቢ የሚባለውን የምድር ባቡር ተሳፍራ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ሬቢቢያ ሄደች። እዚያ ካለው እስር ቤት በር ማዶ ቆማ ጠበቀች። ረፋዱ ላይ ትንሿ በር ተከፈተችና አንድ ከሲታ ወጣት ላስቲክ ከረጢት ይዞ ብቅ አለ። ግራ ቀኙን አይቶ መንገዱን ተሻገረ፤ አጠገቧ ደርሶም አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«እማዬ» አላት ዮሲ።