ጀርባዬ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ

ፕሮፌሰሩ ሥዕሌ ፊት ቆሟል። ራሱ ፊት መቆሙን ግን አላወቀም።

«አለቀልሽ!» ትለኛለች ዜና በጆሮዬ። ያገሬ ልጅ ናት፤ ሰው ሳያስነጥስ «ይማርህ» የምትል ወሬኛ ስለሆነች ነው ዜና ያልናት። «ቅደጂው ብዬሽ አልነበር?»

እኔ የሣልኩትን አልቀድም። ከውጭ የመጣን ተማሪዎችን በየሳምንቱ ሰብስባ የሥዕል ደብተር የምታስይዘን አስተማሪ፣ «በቃል ያቃታችሁን ሣሉት፤ ከዚያ ‹እኔ የቱ ጋ ነኝ?› ብላችሁ ጠይቁት» ትለናለች። ሣልኩ። አንድ ሰፊ ሰውዬ ተቀምጦ ያነባል፤ ወንበሩ በእጅና በጉልበቷ የተንበረከከች ልጅ ናት። የሚያነበው የእኔን ጥናት ነው፣ በራሱ ስም ያሳተመውን። ፊቱን በወረቀቱ ጋርጄዋለሁ፤ ድፍረቴ እስከ አንገቱ ድረስ ብቻ ነበር።

ለእኛ ብቻ ነው የተባለው ደብተር ዛሬ ገጽ በገጽ ተገንጥሎ ግድግዳ ላይ ወጣ። አማካሪዎቻችንም ተጋበዙ።

«ይሄ ጨካኝ ማነው?» ይላል ፕሮፌሰሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት መመረቂያ ጽሑፌ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው፤ ካልፈረመ ሻንጣዬን ይዤ ወደ መጣሁበት። «አንቺ ከቤት ስትወጪ ምላስሽ ቀድሞሽ ይደርሳል» ትለኝ ነበር እናቴ። ዛሬ አልደረሰም።

«አባትሽ ነው?» ይላል ድምፁን አለስልሶ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኛ ሲያመናጭቀው እንኳ በከንፈሩ የያዘውን መርፌ አውጥቶ «እሺ ጌታዬ» የሚል ሰው ነው። በክረምት መንገዱ ሲጥለቀለቅ፣ ጫማዬ እንዳይርስ አዝሎኝ ነበር ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ።

«አዎ» እላለሁ። «አባቴ ነው።»

ዜና ክንዴን ትለቃለች። የለበሰችውን ኮት የሰፋላት እሱ ነው። አፏ ተከፍቶ ይቀራል፤ ወሬ የጠፋባት ዛሬ ገና ነው።

ፕሮፌሰሩ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል። «አይዞሽ ልጄ። ምንም ቢሆን አባት ነው፤ ይቅር በይው።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» እላለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ።

አስተማሪዋ ዓይኗን ትጠርግና ቁራጭ ወረቀት ላይ «አባቴ» ብላ ጽፋ ከሥዕሉ ሥር ትለጥፋለች። አንዱ ጫፍ አልያዘም፤ ሊገነጠል ነው።

በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አጣብቀዋለሁ።