ወላጅ ያምጡ

ኦቦ ዋቅቶላ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገቡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ወላጅ ያምጡ ተባሉ።

ወላጆቻቸው ካረፉ አርባ ዓመት አልፏል። ስለዚህ ልጃቸው ሞቲ መጣ።

ሞቲ አምቦ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ሲሆን ቤቱ ውስጥ ሁለት ሳህን አለ፤ ሁለተኛው የተገዛው አባቱ ከመጡ በኋላ ነው። እናቱ ወርቅቱ ባለፈው ክረምት ጎጆ ከተማ ሲያርፉ፣ አባቱን እዚያ ብቻቸውን ሊተዋቸው አልሆነለትም። ጎጆ ማለት ሰው ጠዋት የተናገረው በብርዱ ረግቶ ይውልና ከቀትር በኋላ ሲቀልጥ የሚሰማበት አገር ነው። በዚያ ብርድ ሽማግሌ በባዶ ቤት ሁለተኛ ክረምት አይወጣም።

"እመጣለሁ" አሉ አባት። "ግን ደጅ ተቀምጬ የባኮ መኪና ሲያልፍ አልቆጥርም። ትምህርት ቤት አስገባኝ። ከዚያ ያባረሩኝ ቀን ወደ ቤቴ ነኝ።"

ጎልማሶች አመሻሽ ላይ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤን፣ የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ራሳቸው ዞረው አዩ። ቅርቡን ትተው ሩቁን መረጡ። ሞቲ የሽማግሌ ግትርነት ነው አለና አስመዘገባቸው።

የጠራችው መምህርት ለሊሴ ነበረች። ቤተሰቦቿ ጉደር ናቸው፤ አርብ አርብ ሚኒባስ ይዛ ወደዚያ ትሄዳለች።

"ልጃቸው እርስዎ ነዎት?"

"አዎ። ምን አጠፉ?"

"ምን ያላጠፉት አለ? ያንኮራፋሉ። ጠመኔ ይደብቃሉ። ያንብቡ ስላቸው የአያትሽ አባት ማን ይባላል ይሉኛል። የተማሪውን ሁሉ አያት ሲጠይቁ ክፍሉን ለቅሶ ቤት አደረጉት።"

የማንኮራፋቱ ነገር ሐሰት የለበትም። ኦቦ ዋቅቶላ ሲያንኮራፉ ወንጪ ሐይቅ ላይ ያለ ጀልባ ይወዛወዛል።

ሞቲ ይቅርታ ጠየቀ። ቤት እንደገባ አባቱን ያዛቸው።

"ለምን እንዲህ ያደርጋሉ አባባ?"

"እርጅና ነዋ" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጎጆ ተራራ አዙረው። "አንተ ግን ሌላ ጊዜ ስትጠራ ያን ነጭ ጋዋንህን አጥልቀህ እንዳትመጣብኝ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ጺምህንም ተላጭ። የሰው ወላጅ ለብሶ ነው የሚመጣው።"

ልጆቹ የሚሏቸው የክፍል ጓደኞቻቸውን ነው፤ ታናሹ አምሳ ሞልቶታል።

ሁለተኛው ጥሪ በበግ ምክንያት ነበር። ኦቦ ዋቅቶላ ጥጃ የሚያህል የጎጆ በግ እየጎተቱ ገብተው ከሰሌዳው እግር ጋር አሰሩት። በጉ የሳምንት ጠመኔ በልቶ ነጭ ነጭ እያስነጠሰ ወጣ ይላሉ ያዩ።

"ለአስተማሪ ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?" አሉ ሲጠየቁ። የሞቲን ጫማ እየወለወሉ ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ ተጠራ። አራተኛም። ለሊሴ ስለ አባቱ ጀምራ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ እናቱ፣ ማታ ማን ምግብ እንደሚሠራ ሁሉ ታጣራለች፤ ዘበኛው ቁልፍ እስኪያንቀጫቅጭ ድረስ ታቆየዋለች። በሦስተኛው ጥሪ እርስዎ ማለቱን ተወችው። ሞቲ፣ አባቴ የእኔንም ክብር ይዘውት ወረዱ ብሎ አዘነ።

"ሒሳብ ላይ እንደ እሳቸው ጨዋ ተማሪ የለኝም" አለው መምህር አሻግሬ፣ በር ላይ ሲያልፍ። ሞቲ ሊያጽናናው ያለው መሰለው።

ቤት ውስጥ ማስጠናት ጀመረ። እዚህ ደግሞ ኦቦ ዋቅቶላ እንደ ዜና አንባቢ ያነባሉ። አንዲት ፊደል አትስታቸውም። በማግስቱ ክፍል ገብተው ያንኑ ገጽ በዝቅዝቁ ይዘው ያዛጋሉ። ጅሩ የሚባል፣ ጠጅ ሳይቀምስ ክፍል የማይገባ ተማሪ አለ፤ እሱ እንኳ ወላጅ አምጣ ተብሎ አያውቅም።

ያኔ ለሞቲ ገባው። ሊባረሩ ነው የሚፈልጉት። ባዶውን ቤት ናፍቀዋል።

ሐሙስ ዕለት ጭራሽ በስልክ ሲያወሩ ሰማቸው።

"ቦንሳ፣ ቅዳሜ በጠዋት ድረስ። ቱፋንም ይዘኸው ና። ደህና ደህና ጋቢ ልበሱ። መኪናውን እኔ ይዣለሁ። ልጁ እንዳይሰማ።"

ቦንሳና ቱፋ የጎጆ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ሞቲ ሳይላጭ፣ ጋዋኑን እንደለበሰ ወደ ለሊሴ ሮጠ። ይህን ጊዜ የጠራው የለም።

"እባክሽ አታባርሪያቸው። እዚያ ከገቡ ክረምቱን አይወጡትም። እኔ ጎናቸው ተቀምጬ እማራለሁ። ጠመኔውን እተካለሁ።"

ለሊሴ ጋዋኑን አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች።

"እኔ በበኩሌ ጨርሻለሁ ሞቲ" አለች ቀስ ብላ። "የቀረውን አባትህ ያውቃሉ።"

ሞቲ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እናት በሞት፣ አባት በግትርነት ሲሄዱ የሚያስቀር መድኃኒት ላቦራቶሪው ውስጥ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ደጁ ላይ ቆመ። ቦንሳና ቱፋ በነጭ ጋቢ፣ በትራቸውን ተደግፈው ገቢናው ውስጥ ተሰይመዋል። ኦቦ ዋቅቶላ የሠርጋቸውን ኮት ለብሰው ወጡ። ሞቲ የመኪናውን በር ያዘ።

"ትምህርቱ ይቅር አባባ። ቀኑን ሙሉ ያንኮራፉ፤ በግም ቤት ውስጥ ያርቡ። ጎጆ ብቻ አይሂዱብኝ።"

ኦቦ ዋቅቶላ እጁን ከበሩ ላይ ቀስ አድርገው አላቀቁ።

"ጎጆ ማን ይሄዳል? ጉደር ነው የምንሄደው፣ ለሊሴ አባት ቤት፤ ቀኑንም የቆረጠችው እሷው ናት። አንተ እዚሁ ቅር፤ ዛሬ ወላጅ የተጠራሁት እኔ ነኝ።"