ቢጫ ጃንጥላ

የኮሪያ ድራማ አፍቃሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ለሁለት ተከፍሎ ሲናቆር ሰነበተ። የድራማው ጀግና ትታው በሄደች ልጅ ደጅ ላይ ቢጫ ጃንጥላ ይዞ ዘጠኝ ቀን ቆሟል፤ ትክፈትለት ወይስ አትክፈትለት?

የግሩፑ አስተዳዳሪ አንዲት ሴት ናት፤ "ትክፈትለት" ባዮቹንም የምትመራው እሷው። "እንዲህ የሚጠብቅ ወንድ ከየት ይገኛል?" ብላ ጻፈች። ይህን የድራማውን ክፍል ያየች ዕለት ምሳ ላይ ለታናሽ ወንድሟ አንድ በአንድ ተርካለታለች። ፍቅረኛው ከተለየችው ወዲህ እህል አልቀምስ ያለው ልጅ ጆሮውን ሰጥቶ ሲያዳምጣት ደስ ብሏት ነበር።

ከተቃዋሚዎቹ የባሰችው "ዝምተኛዋ" የምትባል አባል ናት። "ይሄ ፍቅር አይደለም። በራፉ ላይ የተቆመበት ሰው ያውቀዋል" አለች።

"አንቺ ደግሞ ልብሽ ድንጋይ ነው!" ብላ አስተዳዳሪዋ መለሰችላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝምተኛዋ ከመስኮት የተነሳ ፎቶ ለጠፈች። ዝናብ እየጣለ ነው፤ የግቢው በር ላይ ፊቱን በቢጫ ጃንጥላ የከለለ ሰው ቆሟል። "ይኸው እናንተ ፍቅር የምትሉት፤ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።"

ግሩፑ በቀይ ልብ ተጥለቀለቀ። አስተዳዳሪዋም "ክፈቺለት እንጂ፣ አንቺ ዕድለኛ!" ብላ ላከች። ዝምተኛዋ አልመለሰችም።

አመሻሹ ላይ የአስተዳዳሪዋ ወንድም በዝናብ በስብሶ ቤት ገባ። ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀውን ቢጫ ጃንጥላ በሩ ጥግ አስደግፎ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄደ።

"የት ነበርክ?" አለችው።

"ከፈተችልኝ፣ እታለም" አላት፤ እጁን ለሦስተኛ ጊዜ በሳሙና እየፈተገ።