የአልጋዬ ራስጌ ዶቅዶቄ ላይ

ቀረብ በሉ ልጆቼ... ዝናብ ሲጥል ድምፄ አይሰማም።

ሐምሌ ነበር። ያውም የአሰላ ሐምሌ፣ ጭቃው ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር... ዘመኑ የጃንሆይ፣ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ።

ከገበያ ስገባ ባሌ አበጋዝ አልጋችንን ሲቆርጥ ደረስኩበት።

አዎ፣ አልጋችንን።

ለሰርጋችን የገዛነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሊያየው የመጣው የብረት አልጋ... ራስጌውን በመጋዝ ገዝግዞ ጨርሷል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ለዶቅዶቄዋ መደገፊያ" አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ።

"ለማን?"

ብሎን ፍለጋ ሳጥኑን መበርበር ጀመረ።

ባሌ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይጠግናል። አንድ ጣልያን ጥሎት የሄደውን ትልቅ ዶቅዶቄ አስነስቶ እስከ ዴራ ይመላለስበታል።

እኔ ከኋላው ስቀመጥ ወገቡን ጭምቅ አድርጌ ነው የምይዘው። መደገፊያ ምን ያደርግልኛል?

ራስጌውን በብሎን ከኋላ አሰረው። ግራና ቀኝ የእጅ መያዣ ብረት አወጣለት። ገለባ የተጠቀጠቀ ትራስም ሰፋለት...

ሰፋ ስላችሁ በገዛ እጁ! ለእኔ አንድ ቁልፍ ተክሎልኝ የማያውቅ ሰው።

ጎረቤቴ ዙቤዳ በአጥር በኩል አየችና ሳቀች። "ብርቄ፣ ወገብ መያዝ የምታፍር አዲስ ሴት አግኝቷል" አለችኝ።

በማግስቱ ወሬው ገበያ ገባ። ሲያልፍ ወንዶቹ ይጠቃቀሳሉ፣ ሴቶቹ ምራቃቸውን ይተፋሉ። እኔም እራት ነሳሁት።

እሱ ግን ብሎኑን ያጠብቃል...

በዚህ ላይ የእናቴ ጭንቀት አለብኝ።

እናቴ ውድነሽ ሳጉሬ ተኝታለች። በቅሎ ጥላት እግሯ ቆስሎ መጥቆር ጀምሯል። አሰላ መጥታ ሐኪም ካላየው ይቆረጣል ተብሏል። መኪናው በጭቃ ቆሟል፤ እሷ ደግሞ ሁለተኛ በቅሎ አልወጣም ብላለች።

ባልሽስ አያመጣትም ወይ? ትሉኛላችሁ።

ባለ ርስት ጠይቆኝ ሳለ ጎሚስታ በማግባቴ በሰው ሁሉ ፊት ምላለች። "ይህን ሰው እጄ ቢነካው ሚካኤል ይቁረጠው።"

እናቴ ደግሞ እግሯ ይቆረጣል እንጂ መሐላ አታፈርስም።

አንድ ጠዋት ስነሳ አበጋዝ የለም። ዶቅዶቄዋ የለችም። ወፍራሙ ጋቢዬም የለም...

ከሰዓት በኋላ ዙቤዳ እያለከለከች መጣች። ሴት ጭኖ እየመጣ ነው፣ ያውም በጋቢሽ ሸፍኗታል አለችኝ።

ዘነዘናዬን ይዤ መንገዱ መሐል ቆምኩ። አሁንም አላፍርበትም፤ ቢነግረኝ ኖሮ ባዶ እጄን እወጣ ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ በዝናብ ወጥቷል። ዶቅዶቄዋ ጭቃ ለብሳ ፊቴ ቆመች። ሴትየዋ የእኔን አልጋ ራስጌ ተደግፋ ደልደል ብላለች...

ጋቢውን ገፈፍኩት።

እናቴ!

ሁለት እጇ ግራና ቀኝ ብረቱን ጨብጧል። በእሷና በባሌ ጀርባ መካከል ምርኩዟ በአግድም ታስሯል።

እኔን ከነዘነዘናዬ አላየችኝም። ወደ ሰፈሩ ሰው ዞረች።

"አልነካሁትም" አለች። "ከሳጉሬ እስከዚህ አንዴም አልነካሁትም። ምስክሬ ናችሁ።"

ዘነዘናው ከእጄ ወደቀ። ከመንገዱም ወጣሁ፤ ሐኪም ዘንድ ይዟት ሄደ።

ኋላ ለምን እንደደበቀኝ ጠየቅሁት።

"ለአንቺ ብነግርሽ ወሬው ሳጉሬ ይደርሳል" አለኝ። "ቀድማ ከሰማች ደግሞ አልቀመጥበትም ብላ ትምላለች።"

ስለዚህ በድንገት ደጇ አቁሞ፣ እሜቴ፣ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ እኔን መያዝ የለም አላት። እሷ ለእሱ አትመልስም፤ ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ፣ በመካከላችን ምርኩዝ ያልፍ እንደሆነ ያንን ጎሚስታ ጠይቁልኝ አለች። ምርኩዙ አለፈ። ተሸክመው አወጧት።

እግሯ ዳነ። ከዚያ ወዲያ በዶቅዶቄዋ ብዙ ሄደች፣ ምርኩዟን እያሳሰረች... ጎሚስታው ማለቷን ግን አልተወችም። እግዜር ይስጥልኝም ሳትለው ሞተች።

ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ አበጋዝ ነበር። ጋቢ አጣጥፎ ትከሻው ላይ ደርቦ ነው ከቃሬዛው ሥር የገባው።

"መሐላዋን እኔ አላፈርስባትም" አለ።

ዙቤዳ ልጇ ዘንድ ኦጎልቾ ገባች፤ እስክትሞት በዘነዘናዬ ስትስቅብኝ ኖረች። ዶቅዶቄዋ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አበጋዜም አረፈ። ራስጌው ወደ አልጋዬ አልተመለሰም፤ ወንበሬ ላይ አስመትቼው ይኸው ተደግፌው አወራችኋለሁ።

ልጆቼ፣ የሚወደውን ሰው ማክበር ማንም አያቅተውም። የሚጠላህን ሰው ክብሩን ሳታስጥል መርዳት ነው ከባዱ...

እናንተ ብትሆኑስ? መሐላዋን ትጠብቁላት ነበር፣ ወይስ "መጀመሪያ ይቅርታ ትበለኝ" ትሉ ነበር? ከታች ጻፉልኝ... እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች።