ግድግዳ ላይ አልረጋ ያለው ሽቦ

መብራት ሶዶ ከገባ ገና ዓመቱ ነበር። መብራት የሚሰጠው የከተማው ሞተር ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ አራት ሰዓት ላይ ይተኛል፤ ቀን ቀን ሽቦው ሁሉ ከልብስ ማስጫ ገመድ አይለይም። መምህር ኤርካሎ ከአዲስ አበባ የግድግዳ መብራት አስመጥተው ሳሎናቸው ውስጥ ከሰቀሉ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ በየሰበቡ እየመጣ ቀና ብሎ ያያል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች ግን የሚያዩት መብራቱን ሳይሆን ከሥሩ የተንጠለጠለውን ሽቦ ነው። «ኖራ ቀብቼ ባሳመርሁት ግድግዳ ላይ የበግ አንጀት ተሰቀለብኝ» ይላሉ።

በዚያው ሰሞን ከአረካ ሽማግሌ መጣ። ልጃቸውን ሚርያምን የጠየቀው እህል ነጋዴው ቦልቴ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ባለ ሁለት መጋዘን፣ በዕድሜ ከአባቷ ብዙም የማያንስ። ሚርያም ጓዳ ገብታ አለቀሰች። መምህር ኤርካሎም ልባቸው አልወደደውም፤ ግን ሰው ማሳፈር አይሆንላቸውም።

«ሌላ ጠያቂ ሳይኖር በምን አፌ እምቢ እላለሁ?» አሉና ሽማግሎቹን ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ቀጠሯቸው። ጊፋታ ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አስናቀች ያን ምሽት ሽቦውን ቀና ብለው ሲያዩ አመሹ። በማግስቱ ጠዋት ግን «ለዚህ ሽቦ ባለሙያ ካልመጣ በዚህ ሳሎን እንግዳ አልቀበልም» ብለው ተነሡ።

የመጣው ባለሙያ ደገፉ ነው። አባቱ ከጉራጌ መጥተው ገበያው አጠገብ የአናጢ ቤት የከፈቱ፣ እሱ ግን እዚሁ ሶዶ ተወልዶ ወላይትኛውን የሚያቀላጥፍ ረዥም ወጣት ነው። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ሦስት ዓመት ከሚርያም ኋላ ሲቆም ከ«እንደምን አደርሽ» ያለፈ ቃል ወጥቶት አያውቅም።

ደገፉ ቀጭን ጣውላ ቦረቦረ፣ ሽቦውን ውስጡ አስተኛ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር መታና ኖራ ቀባበት። ሽቦው ጠፋ። ጎረቤታቸው ጩማ መጥተው ግድግዳውን ዳበሱት። «ሽቦ የላት፤ በምን ትበራለች?» አሉ። አስናቀች ያን ቀን ለሁሉም ሳቁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጣውላው ወልቆ ሽቦው እንደ ድሮው ተንጠለጠለ። ያገኙት አስናቀች ናቸው። «ያንን ምስማር መምታት የማያውቅ ጥሩልኝ» አሉ፤ ድምፃቸው እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም።

«እትዬ፣ እኔ አጥብቄ ነው የመታሁት» አለ ደገፉ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነብኝ።»

«እስኪረጋ ድረስ የሌላ ሰው ቤት እንዳትሄድ። ሚርያም፣ መሰላሉን ያዥለት፤ እኔ ወገቤን አሞኛል።» ይህን ብለው ገበያ ሄዱ። ሲመለሱ አንድ ጆንያ ሙሉ የቦዬ ሥራ ሥር ተሸክመው ነበር።

ደገፉ መሰላሉ ላይ ወጣ። «አጥብቀሽ ያዥ» አላት።

«አጥብቄያለሁ» አለችው። የዚያን ቀን ወሬያቸው ይኸው ነው።

መምህር ኤርካሎ ተረቱን ትተው አይጧን ያዙ። ወጥመድ ገዝተው ከግድግዳው ሥር አጠመዱ፤ ወጥመዱም የራሳቸውን ጫማ ያዘ።

በሳምንቱ ጣውላው ደግሞ ወለቀ። ከዚያም ደግሞ። ሁልጊዜም ጠዋት ነው። በአራተኛው ጊዜ ደገፉ የወደቀውን ምስማር አንሥቶ አገላብጦ አየው። አንገቱ ላይ ጭረት አለ፤ በራሱ የወለቀ ምስማር እንዲህ አይጫርም። ሰው ነቅሎታል። ወደ ታች ሲያይ ሚርያም መሰላሉን ይዛ ቀና ብላ ታየዋለች። ጆሮው ጋለ፤ ደስ አለው፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ምስማሩን ኪሱ ከተተ።

ሚርያምም ሞኝ አይደለችም። የአናጢ ልጅ አራት ጊዜ ምስማር መምታት ያቅተዋል? ሰበብ ፈልጎ ሆን ብሎ ያላላዋል እንጂ። ይህን እያሰበች ዕቃ ስታጥብ ብቻዋን ትስቃለች።

«ይህ ልጅ የሚያየው ግድግዳውን አይመስለኝም» አሉ መምህር ኤርካሎ አንድ ቀን።

«ምን ዓይን አለውና፤ ዓይን ቢኖረው ምስማር ይስት ነበር?» አሉ አስናቀች። «ይልቅ ይህን ቢላዋ አቃናልኝ፤ ጫፉ እየታጠፈ አስቸገረኝ።»

ስድስተኛው ጊዜ ጊፋታ ዐሥር ቀን ሲቀረው ነበር። ደገፉ ጣውላውን መታ፣ ኖራውን ቀባ። ከመሰላሉ ግን አልወረደም።

«ሽማግሌ ብልክ ታሳፍሪኛለሽ?» አላት።

«ከአረካዎቹ ቀድመው ይድረሱ እንጂ» አለች ሚርያም።

በዚያው ሳምንት እሁድ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ሦስት ሽማግሎች በሩ ላይ ቆሙ። መምህር ኤርካሎ ልጃቸውን ጠርተው ከሁለቱ ጠያቂዎች የቱን እንደምትመርጥ ጠየቋት። መሬት መሬት እያየች «ሶዶ መቅረት ነው የምወደው» አለች። ወደ አረካ የይቅርታ ቃል ተላከ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጩማ ሳይጠሩ መጥተው በመጨረሻ ወጡ።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ሲቀሩ መምህር ኤርካሎ ግድግዳውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጁን ብጠይቀው የምትነቅለው ሚርያም ናት ይላል። ሚርያምን ብጠይቃት የሚያላላው እሱ ነው ትላለች። አንዳቸው ዋሽተውኛል።»

«ማንም አልዋሸህም» አሉ አስናቀች ያንን ጫፉ የታጠፈ ቢላዋ እያነሡ፤ «የሴት ልጅ እናት ሽማግሌ መላክ አትችልም፤ እኔም ሽቦ ላክሁ።»