አጥሩ ሥር የምትቆመው እናት

"እማዬ... ዛሬን ብቻ። ነገ እገባለሁ..."

ጸደንያ የትምህርት ቤቱን የብረት በር በሁለት እጇ ጨብጣ አልለቅ ብላለች።

ደወሉ ከተደወለ ቆይቷል። ጓደኞቿ ሰልፍ ጨርሰው ክፍል ገብተዋል።

የስምንት ዓመቷ ልጅ ሆዷን ይዛ አጎነበሰች... ቁርሷንም እዚያው መለሰችው።

እናቷ ፈንታዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና፣ እንደ ትናንቱ ሁሉ እጇን ይዛ ወደ ቤት መለሰቻት።

የሚገርመው... ቤት ሲደርሱ ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋ።

ፈንታዬ መካነ ሰላም ውስጥ አነስተኛ ሱቅ አላት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ደሴ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የቀረቻት ጸደንያ ብቻ ናት።

ያልሞከረችው የለም። ጸበል አስጠምቃታለች። ሐኪም ሆዷን መርምሮ ምንም የለባትም ብሏታል። ጎረቤት አሞላቀቅሻት፣ አንድ ቀን ቆንጠጥ አድርጊያት ስትላትም ሰምታ ቆነጠጠቻት... ከልጅቷ ይልቅ ያለቀሰችው ግን እሷ ራሷ ናት።

በመጨረሻ ሱቋን ዘግታ አጥሩ ሥር መቆም ጀመረች። ጸደንያ በየደቂቃው በመስኮት ታያታለች። ካጣቻት እየጮኸች ትወጣለች።

የክፍል ኃላፊዋ መምህር በፍቃዱ ፈንታዬን ጠርቶ፣ በዚህ ከቀጠለ ልጅቷ ክፍል መድገሟ እንደማይቀር ነገራት። ጤና ጣቢያ ሄዳ የአእምሮ ጤና ነርሷን ሲስተር ዘይነባን እንድታማክርም መከራት።

ሲስተር ዘይነባ አልቸኮለችም። ልጅቷን አጠገቧ አስቀምጣ፣ በሩ ጋ ስትደርሺ ፍርሃቱ ምን ይልሻል ብላ ጠየቀቻት።

ጸደንያ መሬት መሬት እያየች...

"እማዬ ትሞታለች ይለኛል" አለች።

ፈንታዬ አልሞትም ልጄ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሲስተር ዘይነባ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"አብሽሪ እህቴ። አልሞትም ስንት ጊዜ ብለሻታል? ማባበሉ የሚቆየው አምስት ደቂቃ ነው። ይልቅ ራሷ ትመርምረው። ፍርሃቱ ትናንትም እንዲህ ብሎሽ ነበር፣ ስትመለሺ ምን አገኘሽ? በያት።"

ከዚያ ወረቀት አውጥታ ጻፈችላት። መጀመሪያ ፈንታዬ ክፍሉ በር ላይ ትቆማለች። ቀጥሎ ግቢው በር ላይ። ቀጥሎ መንገዱ አጋማሽ ላይ ያለው ወፍጮ ቤት ጋ። መጨረሻ ላይ... ከሱቋ ንቅንቅ አትልም።

"ፍርሃት ዳገት ነው። ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። መሀል ላይ ይዘሻት ከተመለስሽ፣ ሲወርድ ሳታየው ትቀራለች።"

ቀላል አልነበረም። የግቢው በር ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሰው እንደገና ወደ በሩ የተመለሱበት ቀን ነበር።

ግን የመጨረሻው ቀን መጣ።

ጸደንያ ቦርሳዋን አንግባ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሄደች። ፈንታዬ ሱቋ ውስጥ ቀረች።

ሦስት ሰዓት ላይ ስኳር እመዝናለሁ ብላ ጨው ሰፈረች።

አራት ሰዓት ላይ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ዘላ ወደ በሩ ወጣች። መጥተው ሊጠሩኝ ነው አለች...

ወድቃ ቢሆንስ? እየጠራችኝ ቢሆንስ?

የዕረፍት ሰዓት ሊደርስ ሲል አልቻለችም። ሱቁን ገርበብ አድርጋ እየሮጠች ሄደች። በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች...

ጸደንያ ገመድ እየዘለለች ነበር። ሹሩባዋ ተፈቶ... እየሳቀች።

ፈንታዬ ልጇ እንዲህ ስትስቅ ካየች ሁለት ዓመቷ ነው። እንባዋ መጣ። ያኔውኑ መመለስ ነበረባት፤ እግሯ ግን እንቢ አላት።

ጸደንያ ድንገት ዞር ስትል አየቻት።

ገመዱ ቆመ።

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። ቀስ እያለች ወደ አጥሩ መጣችና...

"እማዬ... ደግሞ ማን ሞተ?" አለች።



ፈንታዬ ያን ቀን አስታወሰች። ባሏ የሞተ ዕለት በዕረፍት ሰዓት እዚሁ መጥታ፣ ጸደንያን ከጨዋታ መሀል ጠርታ፣ አንድ ቃል ሳትነግራት ለቅሶ ቤት ይዛት ገብታ ነበር።

አጥሩ ሥር በቆመችባቸው በእነዚያ ሁሉ ቀናት ልጇን የምታጽናና ይመስላት ነበር። ለልጅቷ ግን... እዚያ መቆሟ ራሱ አንድ ሰው ሊሞት ነው የሚል መርዶ ነበር።

መላ ሰውነቷ ይዘሻት ሂጂ ይላታል። እጇ በአጥሩ አልፎ ሊይዛት ደርሷል።

መለሰችው።

"ማንም አልሞተም ልጄ። የፈራሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው የመጣሁት።"

ጸደንያ ትክ ብላ አየቻት።

"አሁን ትሄጃለሽ?"

"አዎ።"

"በይ ሂጂ... ተራዬ እንዳያልፍብኝ።"

ፈንታዬ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ወደ ኋላዋ አላየችም።

ጸደንያ ለምሳ ከልጆቹ ጋር በእግሯ መጣች። የዚያን ዕለት እናትና ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው፣ አባቷ እንዴት እንደሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጋገሩ። ልጅቷ ሁሉንም ጠየቀች። እናቷ ሁሉንም መለሰች።

ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልሄደም። ከፋሲካ ዕረፍት በኋላ ተመልሶባት፣ ከግቢው በር እንደገና ጀምረዋል። ጸደንያ ግን ክፍሏን አለፈች።

ወዳጆቼ... ልጅ የምንናገረውን ብቻ አይሰማም፤ ፊታችንን ያነባል። ሐዘን የምንደብቀው ልጁ እንዳይጎዳ ብለን ነው፤ እሱ ግን ዝምታችንን በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። አንዳንዴም ትልቁ ፍቅር አለመሮጥ ነው።

እናንተ ፈንታዬን ብትሆኑ፣ ልጃችሁ ሆዷን ይዛ እያያችኋት ጀርባ ሰጥታችሁ መሄድ ትችሉ ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...