ሙሉ ማንቆርቆሪያ

ሴትዮዋ የማዘያ ጨርቋን፣ ቺቴንጄዋን፣ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። የወረደው ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ወደ ቦታው ከተመለሰ አምስተኛ ሳምንቱ ነበር፤ የልጅ ልጇን ቲያሚኬን ገና አንድ ቀን እንኳ አላዘለቻትም። ዞምባ ከተማ ውስጥ አስተማሪ የሆነችው ልጇ የአንድ ሩቅ አገር ሆስፒታል የጻፈውን ምክር ከስልኳ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችላት።

«በሆድ ዕቃ ውስጥ ግፊት የሚጨምሩ ተግባራትን ያስወግዱ ይላል።»

«እኔ የጠየቅኩሽ ማዘል ይቻላል ወይ ነው።»

«ስለ ማዘል አያወራም፣ እማዬ። ከሙሉ ማንቆርቆሪያ የከበደ ነገር አያንሱ ነው የሚለው።»

«የማን ማንቆርቆሪያ? የነሱ ስንት ይይዛል?»

«እኔ እንጃ።»

«አስተማሪ ነኝ ትያለሽ ደግሞ።»

ልጇ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ዳር በነበረው ለብ ያለ ውሃ ሞላችና በአንድ እጇ አነሳችው፤ በሌላው ክንዷ ቲያሚኬን አቀፈች። እንደ ሚዛን ሁለቱን አመዛዘነች። ሕፃኗ በብዙ ትከብድ ነበር።

ሴትዮዋ ቺቴንጄውን ዘረጋች። «በይ ማንቆርቆሪያውን ጀርባዬ ላይ አድርጊልኝ» አለች። ጎንበስ ብላ ተቀበለችው፣ ጨርቁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቋጠረችው፣ ቀስ ብላም እሹሩሩ ማለት ጀመረች። ክዳኑ ተንሸራተተና ለብ ያለው ውሃ በጀርባዋ ወረደ።

«ፈሰሰብሽ እኮ፣ ልፍታልሽ» አለች ልጇ።

«ተያት» አለች ሴትዮዋ፣ መወዛወዟን ሳታቆም። «ሕፃን ያዘለ ጀርባ መቼ ደርቆ ያውቃል።»